ቃር ነው ወይስ ጭንቀት? በረመዳን ሌሊት ደረት ሲያቃጥል

በረመዳን ብዙ ቤተሰብ የሚያውቀው ዓይነት ሌሊት አለ። ኢፍጣሩ ተበልቶ፣ ተራዊሁ ተሰግዶ፣ ልጆች ተኝተው፣ የቤቱ አባት ወይም እናት ጋደም ይላሉ። ጥቂት ቆይቶ ደረት መሃል ላይ እሳት የሚመስል ነገር ይነሳል። ልብ በኃይል ይመታል። ትንፋሽ ያጥራል፤ ጉሮሮ ውስጥ አንዳች ነገር የተሰነቀረ ይመስላል፤ እጅ ይቀዘቅዛል፣ ያልባል። «ልቤ ነው፤ ልሞት ነው» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ቤቱ ይነቃል። አንዱ ውሃ ያቀርባል፣ አንዱ ቁርኣን ይቀራል፣ አንዱ መኪና ፍለጋ ይወጣል። ሆስፒታል ተደርሶ ልብ በኢሲጂ ይታያል፤ ደም ይመረመራል። «ልብህ ደህና ነው፤ ጨጓራ ነው» ይባላል። ወይም «ምንም የለብሽም፤ ጭንቀት ነው»። በሳምንቱ ያው ሌሊት ይደገማል።

እንዲህ ያለ ሌሊት ያሳለፈ ሰው የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ቃር ነው ወይስ ጭንቀት? ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብዙ ጊዜ መልሱ «ሁለቱም» የሚል ነው። ሁለቱ ሕመሞች አንድ ሰው ላይ አብረው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሌላውን ይቀሰቅሳል፤ ምልክታቸውም ስለሚመሳሰል ባለቤቱ ቀርቶ ሐኪሙም በአንድ ጊዜ እይታ ላይለያቸው ይችላል።

በዚህ መሃል የሚጎዳው ብዙ ነው። አንዳንዱ ልቤ ነው እያለ ከሐኪም ሐኪም ሲዞር ገንዘቡ ያልቃል። አንዳንዷ ፆሙ ነው ያሳመመኝ ብላ ሳያስፈልጋት ታፈጥራለች፤ ከዚያ ደግሞ ፀፀቱ ሌላ ጭንቀት ይሆንባታል። ከሁሉም የከፋው ግን «ያው የተለመደው ጨጓራዬ ነው» ብሎ እውነተኛውን የልብ ሕመም ቤቱ ተቀምጦ የሚጠብቀው ሰው ነው።

አማርኛችን የሆድንና የሐሳብን ዝምድና ቀድሞ ያወቀው ይመስላል። ያበሳጨንን ሰው «ጨጓራዬን ላጠው» እንላለን። ክፉ ነገር ሲጠረጥረን «ሆዴን ባር ባር አለኝ»፣ ስንደነግጥ ደግሞ «ልቤ ተሰቀለ» እንላለን። ቃር ያለበት ሰውም ለሐኪም የሚናገረው «ልቤን ያቃጥለኛል» ብሎ ነው፤ የተቃጠለው የምግብ ቧንቧው ሆኖ ሳለ። የሙስሊሙ ዓለም ሊቃውንትም ነገሩን ቀደም ብለው አይተውታል። በበልኽ አካባቢ ተወልዶ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ934 ያረፈው አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሕ አል-አብዳን ወል-አንፉስ» በተባለው መጽሐፉ የአካልን ጤናና የነፍስን ጤና በአንድ ላይ ጽፏል። በሁለተኛው ክፍል ስለ ፍርሃት፣ ስለ ሐዘን፣ ስለ ቁጣና ስለ ወስዋስ ያትታል፤ አካል ሲታመም ነፍስ፣ ነፍስ ስትታመም አካል እንደሚታወክም ያስረዳል። ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ የዛሬው ሕክምና በመሣሪያ እየለካ ያረጋገጠው ይህንኑ ነው።

የጨጓራ በር

በምግብ ቧንቧና በጨጓራ መገናኛ ላይ እንደ በር የሚያገለግል የጡንቻ ቀለበት አለ። ስንውጥ ይከፈታል፤ ምግቡ ሲያልፍ ይዘጋል። ጨጓራ ከራሱ አሲድ የሚጠብቀው ሽፋን አለው፤ የምግብ ቧንቧ ግን እንደዚያ ያለ መከላከያ የለውም። ስለዚህ በሩ ያለ ጊዜው ሲላላ ወደ ላይ የሚመለሰው አሲድ ቧንቧውን ያቃጥላል። ቃር የምንለው ይህንን ነው። ከደረት አጥንት ጀርባ የሚነሳ ቃጠሎ፣ ወደ አፍ የሚመጣ ጎምዛዛ ወይም መራራ ውሃ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ ደረቅ ሳል፣ ጠዋት የሚሻክር ድምፅ፣ ጉሮሮ ውስጥ የማይወርድ ነገር ያለ መምሰል ሁሉ ከዚሁ ሊመጡ ይችላሉ።

በሩን ከሚያላሉት ነገሮች ዋናው የጨጓራ በአንድ ጊዜ መወጠር ነው። ቅባት የበዛበት ምግብ፣ ቡና፣ ቸኮሌት፣ ሲጋራ ያግዙታል። የሆድ ውፍረት፣ እርግዝና፣ ጠባብ ቀበቶ ከታች ወደ ላይ ይገፉታል። ከበሉ በኋላ ወዲያው መተኛት ደግሞ አሲዱን እዚያው ቧንቧው ውስጥ ያስቀምጠዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ቃርን የሚያመጣው የቀኑ ባዶ ሆድ ይመስለናል። አሲዱ ወደ ላይ የሚመለሰው ግን በአብዛኛው ከምግብ በኋላ ነው። ስለዚህ ቃር ያለበት ሰው ሌሊት ደረቱን ሲያቃጥለው ከቀኑ ፆም በፊት የኢፍጣሩን ሳህን ቢመረምር ይሻላል። ቀን በባዶ ሆድ ከላይኛው ሆድ የሚቦረቡርና ሲበሉ ወይም ከበሉ በኋላ የሚለዋወጥ ሕመም ሌላ ነገር ነው፤ የጨጓራ ወይም የትንሹ አንጀት ቁስል ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት። የሚደማ ወይም ገና ያልዳነ ቁስል ያለበት ሰው ስለ ፆሙ ከሐኪም ጋር መነጋገር ግዴታው ነው።

እኛ አገር ይህ ሁሉ በጅምላ «ጨጓራ» ተብሎ ይጠራል፤ መዘዙም አለ። ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ በአገራችን በጣም የተስፋፋ ስለሆነ የተመረመረ ሰው ብዙ ጊዜ ይገኝበታል። ባክቴሪያው ለቁስል ምክንያት ስለሚሆን መታከሙ ተገቢ ነው። ነገር ግን የቃር ምክንያት እሱ አይደለም፤ ባክቴሪያው ጠፍቶም ቃሩ ሊቀጥል ይችላል። በደም የሚደረገው ምርመራ ደግሞ ከዳኑ በኋላም ለረዥም ጊዜ «አለ» ሊል ስለሚችል፣ እሱን እያዩ በዓመት ሁለት ጊዜ ፀረ ተሕዋስያን መዋጥ ትርፉ ድካም ነው። መጥፋቱን ለማረጋገጥ የሰገራ ምርመራ የተሻለ ነው፤ ያውም ፀረ ተሕዋስያኑ ካለቁ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ካቆሙ ደግሞ 2 ሳምንት ቆይቶ።

ጭንቀት አካል ሲለብስ

አንጎል አደጋ መጣ ብሎ ሲያምን አድሬናሊን ወደ ደም ይለቀቃል። ልብ ይፈጥናል፤ ትንፋሽ ይቆራረጣል፤ የደረትና የአንገት ጡንቻ ይወጠራል፤ ደም ከሆድ ወደ እግርና ክንድ ይሄዳል፤ ጨጓራ ሥራውን ያዘገያል። ጅብ ፊት ለፊት ሲመጣ ይህ ሁሉ ይጠቅማል። ሰው አልጋው ላይ ጋደም ባለበት ሲመጣ ግን ራሱ ሕመም ነው። ባለሙያዎች ፓኒክ አታክ የሚሉት ድንገተኛ የፍርሃት ጥቃት ብዙ ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጫፍ ይደርሳል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይበርዳል። በዚያ ጊዜ ሰውየው ሳያውቀው በፍጥነት ስለሚተነፍስ ከደሙ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፤ ከንፈሩና ጣቱ ይደነዝዛል፣ ራሱ ይዞርበታል። ይህ ደግሞ «ስትሮክ ነው እንዴ?» የሚል አዲስ ፍርሃት ይወልዳል።

እንግዲህ ሁለቱን አስተያዩአቸው። የደረት ሕመም በሁለቱም አለ። የጉሮሮ መታነቅ በሁለቱም አለ። ማቅለሽለሽ፣ ማግሳት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከእንቅልፍ መባነን በሁለቱም አለ። ልዩነት የሚሰጠው ብዙ ጊዜ አጀማመሩ ነው። ቃር ከማዕድ፣ ከመጎንበስና ከመተኛት ጋር ይመጣል፤ ጎምዛዛ ጣዕም ያስከትላል፤ ቁጭ ሲሉ ይቀልላል። የፍርሃት ጥቃት ማዕድም ሳይጠብቅ ይነሳል፤ የሞት ፍርሃትና የጣት መደንዘዝ ይከተሉታል። ይሁን እንጂ አንዱ ሌላውን ሲጠራ ይህ መለያም ይደበዝዛል።

የሚደበዝዝበት ምክንያት አለው። ከልብም ሆነ ከምግብ ቧንቧ የሚነሱት የሕመም ነርቮች ወደ አከርካሪ የሚገቡት በአንድ አካባቢ፣ በደረት ደረጃ ነው። አንጎል መልእክቱ ከየትኛው ቤት እንደተላከ ሁልጊዜ አይለይም። ጭንቀት ደግሞ የመልእክቱን ድምፅ ከፍ ያደርገዋል። ቧንቧ ውስጥ ያለውን አሲድ ለ24 ሰዓት የሚለካ መሣሪያ አለ፤ በዚህ ከተለኩት ታማሚዎች መካከል አሲዱ ልክ ሆኖ ሳለ ቃጠሎው የማያስተኛቸው ይገኛሉ። ቧንቧቸው ለትንሹም ነገር ይጮሃል። እንቅልፍ ያጣ ሰውም እንደዚሁ ነው፤ ቃር ያለባቸው ሰዎች እንቅልፍ ሲቀነስባቸው ያንኑ አሲድ ይበልጥ አቃጣይ ሆኖ ይሰማቸዋል። በረመዳን ሌሊቱ ስንት ቦታ እንደሚቆራረጥ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ስለዚህ ዙሩ እንዲህ ይሄዳል። ቃጠሎ ይነሳል። ሰውየው ልቤ ነው ብሎ ይፈራል። ሲፈራ በፍጥነት ይተነፍሳል፣ አየርም ይውጣል። የተዋጠው አየር ጨጓራውን ይነፋል፣ ያስገሳዋል፤ ሲያገሳ አሲድ ይዞ ይወጣል። ቃጠሎው ሲጨምር ፍርሃቱ ይጨምራል። ከሁለት ሦስት እንዲህ ያለ ሌሊት በኋላ ሰውየው አልጋውን ራሱን መፍራት ይጀምራል፤ ደረቱን እየሰማ፣ የልቡን ምት እየቆጠረ ይተኛል። የሚሰማውን የሚፈልግ ሰው ደግሞ አያጣውም።

«ምንም የለብህም» የሚለው አነጋገር የሚጎዳውም ለዚህ ነው። ቃር ካለባቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ በሚሆኑት በኢንዶስኮፒ ሲታዩ ቁስል አይገኝባቸውም። ውጤቱ ንፁህ ሆነ ማለት ሕመሙ ውሸት ነው ማለት አይደለም። ቤተሰብ ግን «ምንም የለበትም ተብሏል» የሚለውን ወረቀት ይዞ ሰውየውን አስመሳይ ያደርገዋል። በተለይ እናቶች ላይ ይህ ይበዛል፤ በእኔ እምነት በረመዳን የሚደርሰው አንዱ በደል ይኸው ነው። ከአስር ጀምራ ምድጃ ፊት ቆማ፣ ሁሉን አቅርባ በመጨረሻ የምትቀመጥ፣ በጥድፊያ የምትጎርስ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስታ ሱሁር የምታሞቅ ሴት ደረቷን ቢያቃጥላት ምን ይገርማል?

ማዕዱና ሌሊቱ

አዲስ አበባ ላይ የፆሙ ሰዓት 13 ሰዓት ገደማ ነው። ያን ያህል የቆየ ጨጓራ ላይ ሳምቡሳ፣ ሾርባ፣ ጥብስ፣ ጣፋጭ፣ ጋዝ ያለው ለስላሳ በ15 ደቂቃ ውስጥ ሲወርድበት በሩ መላላቱ አይቀርም። የዘይት መጥበሻው ዋነኛው ጥፋተኛ ነው። ሳምቡሳን ከገበታ አውጡ የሚል ጽሑፍ ማንም አይሰማም፤ እኔም አልጽፈውም። ሁለት ሳምቡሳና ስምንት ሳምቡሳ ግን አንድ አይደሉም። ውስጡ የሚገባው ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት ቀነስ ቢል፣ ምስሩ ቢበዛ ጣዕሙ አይጎድልም።

መልካሙ ነገር ሱናው ራሱ መፍትሔ መያዙ ነው። በቴምርና በውሃ ማፍጠር፣ ከዚያ መግሪብን መስገድ፣ ከዚያ ወደ ማዕድ መመለስ። መሃል ላይ የምትገኘው ጊዜ ጨጓራ እንዲነቃ፣ አንጎልም የጥጋብን መልእክት እንዲቀበል ዕድል ትሰጣለች። ሆድን በሦስት የሚከፍለውን ሐዲስ ሁሉም ያውቀዋል፤ ከኢፍጣር በፊት ማስታወስ ነው ከባዱ። ሌላው የተራዊህ ነገር ነው። ሙሉ ሆድ ይዞ ሩኩዕና ሱጁድ መውረድ ቃር ላለበት ሰው ጨጓራውን እንደ መገልበጥ ነው፤ ሶላት ላይ እያለ ጎምዛዛ ውሃ ወደ አፉ የሚመጣበት ሰው ከተራዊህ በፊት ያለውን እራት ያቅልለው። ከተራዊህ መልስ ዳግም ትልቅ ማዕድ ማቅረብ ደግሞ ከእንቅልፍ በፊት መኖር የሚገባውን 3 ሰዓት ያህል ክፍተት ይበላዋል። ሾርባን በተመለከተ አንድ ቃል ልጨምር፤ የሚፋጅ ነገር መጠጣት ለምግብ ቧንቧ መልካም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ መጠጥ ለምግብ ቧንቧ ካንሰር ምክንያት ሊሆን እንደሚችል መድቧል። ትንሽ ይቀዝቅዝ።

ሱሁር ይከብዳል። ማዘግየቱ የተወደደ ነው፤ ነገር ግን ብዙ ሰው በልቶ፣ ፈጅርን ሰግዶ ወዲያው ይተኛል። ስለዚህ የሱሁሩ ምግብ ቀላል ይሁን፤ አጃ፣ ቂንጬ፣ ሙዝ፣ ቅቤ ያልበዛበት ገንፎ፣ እርጎ። የተረፈ ጥብስና ቅባት የበዛበት ወጥ ለዚህ ሰዓት አይሆንም። የግድ የሚተኛ ሰው የአልጋውን ራስጌ በጡብ ወይም በእንጨት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያድርግ። ሁለት ሦስት ትራስ መደራረብ ወገብን አጥፎ ሆድን ይጫናል እንጂ አይረዳም። በግራ ጎን መተኛት አሲዱ ከበሩ በታች እንዲቀር ያደርጋል፤ በቀኝ ጎን መተኛት ግን ቃርን ያብሳል። በቀኝ ጎን መተኛት ሱና መሆኑን የሚያስብ አንባቢ እዚህ ላይ ይጠይቃል። በቀኝ ጀምሮ ኋላ ወደ ግራ መዞር አንድ መንገድ ነው፤ ታማሚ ስለሆነ ሰው ያለውን ግን ለኡስታዝ መጠየቅ ይሻላል።

ቡናና ጫት ለብቻቸው መነሳት አለባቸው፤ ሁለቱም በሁለቱ በሽታዎች ላይ እጃቸው አለበትና። በቀን ሦስት ስኒ የለመደ ሰው የረመዳን መጀመሪያ ቀናት ላይ ራሱን ያመዋል፣ ይነጫነጫል፣ ሐሳቡ አይሰበሰብም፣ ያስጨንቀዋል። ይህ የቡና ማጣት ነው፤ በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ ቢበዛ በዘጠነኛው ቀን ይተወዋል። ከረመዳን በፊት በነበረው ሳምንት ስኒውን እየቀነሱ መምጣት ይረዳ ነበር፤ ለዘንድሮ ካለፈ ለከርሞ ይያዝ። የቀኑን ዕዳ ለመክፈል ከኢፍጣር በኋላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ መጠጣት ግን ቃሩንም የልብ ምቱንም አብሮ ይቀሰቅሳል። ለራስ ምታቱ ብሎ በባዶ ሆድ ዲክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መዋጥም ጨጓራን ያቆስላል፤ ጨጓራ ለሚያመው ፓራሲታሞል ይሻለዋል።

በሐረር፣ በድሬዳዋ፣ በጅማም ሆነ በአዲስ አበባ ከኢፍጣር እስከ ሱሁር ጫት ይዞ የሚያመሽ ሰው ብዙ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አድሬናሊንን የመሰለ ሥራ ይሠራል፤ ልብን ያፈጥናል፣ ደም ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍን ያባርራል፤ ምግብ ከጨጓራ የሚወርድበትንም ፍጥነት ያዘገያል። ሲያበቃ የሚመጣው ድብርትና ጭንቀት ይታወቃል። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ልቤ ተነሳ ብሎ ድንገተኛ ክፍል የሚደርስ ወጣት «ጫት ቅመሃል?» ሲባል ቤተሰቡ አጠገቡ ስላለ «አይ» ይላል። ሐኪሙ ብቻውን ሊጠይቀው ይገባል፤ እሱም እውነቱን ይንገረው። ጫት ከልብ ድካምና ከልብ ደም ሥር መዘጋት ጋር ግንኙነት እንዳለው ስለታወቀ፣ በጫት ላይ የመጣ የደረት ሕመም በወጣትም ቢሆን ቀላል ተደርጎ አይታይም።

ሳይጠብቁ የሚሄዱበት

ደረት ላይ እንደ ድንጋይ የሚጫን ወይም የሚጨብጥ ሕመም፣ ወደ ግራ ክንድ፣ ወደ መንጋጋ ወይም ወደ ጀርባ የሚሄድ፣ ቀዝቃዛ ላብና የትንፋሽ ማጠር የተከተለው፣ ደረጃ ሲወጡ ወይም ሲሠሩ የሚነሳና ሲያርፉ የሚተው ከሆነ፣ ወይም አርፈውም ከ15 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ «ቃር ይሁን ጭንቀት» ብሎ መከራከሪያ ጊዜ አይደለም። ወዲያው ሆስፒታል ነው፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። በሴቶች፣ በአረጋውያንና በስኳር ሕሙማን የልብ ሕመም ደረትን ሳይነካ በማቅለሽለሽ፣ ከእንብርት በላይ በሚሰማ ሕመም ወይም በድንገተኛ ድካም ብቻ ሊመጣ ይችላል። የጨጓራ ሽሮፕ ወስዶ ቀለል ማለቱም ልብ አለመሆኑን አያረጋግጥም። ሐኪም ልብ አይደለም ያለው ሰው ግን፣ ሕመሙ ያው የሚያውቀው እስከሆነ ድረስ፣ ያንን ውሳኔ ሊያምን ይገባል።

ምግብ መዋጥ ማስቸገር፣ ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ፣ ደም ማስታወክ፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ ሌላ ማስጠንቀቂያ ናቸው። በተለይ አርሲና ባሌ ለሚገኙ ቤተሰቦች ይህን መናገር ያስፈልጋል፤ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በዚያ አካባቢ በብዛት እንደሚታይ ሐኪሞች ለረዥም ጊዜ ያውቁታል። እንጀራ አልወርድ ብሎት ወደ ሾርባና አጥሚት የዞረ ሰው «ጨጓራ ነው» ተብሎ ወራት መቆየት የለበትም።

የስኳር ሕሙማን ጉዳይም እዚህ ይገባል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ከኢፍጣር በፊት ቢንቀጠቀጥ፣ ቢያልበው፣ ልቡ ቢመታ ጭንቀት ሳይሆን የስኳር ማነስ ሊሆን ይችላል። ጣትን ወግቶ መለካት ፆምን እንደማያፈርስ ብዙ ዑለማዎች ይናገራሉ። ከ70 በታች ወይም ከ300 በላይ ከሆነ ፆሙን ማፍረስ የሕክምናው መመሪያ ነው። የታመመ ሰው ማፍጠር እንደሚፈቀድለት በሱረቱል በቀራህ ቁጥር 184 እና 185 የተቀመጠ ነው፤ ለዚህ የሚያፍር ሰው መኖሩ ያሳዝናል።

መድኃኒቱና ሩቅያው

ኦሜፕራዞል በየፋርማሲው ይሸጣል፤ አወሳሰዱን ግን ብዙ ሰው ያበላሸዋል። መድኃኒቱ የሚሠራው ከምግብ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ሲቀድም ነው። በረመዳን አመቺው መንገድ በቴምርና በውሃ አፍጥሮ እንክብሉን መዋጥ፣ መግሪብን ሰግዶ ጥቂት ቆይቶ ዋናውን እራት መብላት ነው። ሱሁር ላይ የሚወስድም እንዲሁ ከመብላቱ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ይነሳ። ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይታዘዛል። ለወራት ወስዶ በአንድ ቀን ያቆመ ሰው አሲዱ ለጊዜው ከቀድሞው በላይ ስለሚመረት ቃጠሎው ተመልሶ ይብስበታል፤ ይህን አይቶ «ያለሱ መኖር አልችልም» ከማለቱ በፊት በሐኪም ምክር ቀስ እያለ ቢያቆም ይሻላል። በትክክል ወስዶ ምንም ለውጥ ያላየ ሰው ደግሞ መጠን ከመጨመሩ በፊት ሌላ ምክንያት ይፈለግለት፤ ብዙ ጊዜ ጭንቀቱ የሚገኘው እዚህ ጋ ነው። ተልባና አብሽ የሚያስታግሰው ካለ ችግር የለውም። ወተት ለጊዜው ያበርዳል፤ ቆይቶ አሲድ ይጠራል።

የጭንቀት ሕክምና ሲባል ብዙ ቤተሰብ አእምሮው የሚሄደው ወደ አማኑኤል ሆስፒታል ስለሆነ ወሬው እዚያው ይቆማል። የፍርሃት ጥቃት ግን ተራ፣ የሚታከም ሕመም ነው። በንግግር ሕክምና ሰውየው የልቡን ምት እንደ ሞት ደወል መስማቱን ቀስ በቀስ ይተዋል፤ ካስፈለገም መድኃኒት አለ። እነዚህ መድኃኒቶች አብዛኞቹ በቀን አንዴ ስለሚወሰዱ ከኢፍጣር ጋር ይስማማሉ፤ ረመዳን ገባ ብሎ በራስ ውሳኔ ማቋረጥ ግን ማዞርና የባሰ ጭንቀት ያመጣል። ቁርኣን ማስቀራትና ሩቅያ ልብን ያረጋጋል፤ ማንም አይከለክለውም። ጥያቄው ሩቅያውን ከሕክምናው ጋር አብሮ ማስኬድ ነው። ታማሚውን «ጂን ነው» ብሎ ማስፈራራት፣ መምታት፣ ወይም ውሃና ምግብ መከልከል ግን ራሱ ፍርሃትን የሚያባብስ ነገር ነው።

ለሁለቱም ሕመም በአንድ ጊዜ የሚሠራ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገርም አለ። ቀጥ ብሎ ተቀምጦ አንድ እጅን ሆድ ላይ ማሳረፍ፣ በአፍንጫ አራት እስኪቆጠር ድረስ ሆድ እንዲነሳ አድርጎ መሳብ፣ ስድስት እስኪቆጠር ቀስ ብሎ ማውጣት። ለአምስት ደቂቃ። በሆድ መተንፈስ ድያፍራም የተባለውን ጡንቻ ያሠራል፤ ይህ ጡንቻ የጨጓራውን በር ከውጭ አቅፎ የሚይዝ ነው። የረዘመው ማስወጣት ደግሞ በቬገስ ነርቭ በኩል ልብን ያረጋጋል። ከሱብሒ በኋላ ወዲያው ከመተኛት ይልቅ ቁጭ ብሎ ተስቢሑን ከዚህ አተነፋፈስ ጋር ማስኬድ ለጨጓራው የ20 ደቂቃ ዕረፍት ይሰጠዋል።

በዒድ ቀን ነገሩ ይገለበጣል። ለወር በሌሊት የለመደ ጨጓራ ላይ ከሶላት መልስ በየዘመዱ ቤት ሥጋና ቡና ይወርድበታል፤ «ሳትቀምሽ አትወጪም» የማይልም የለም። በየቤቱ ጥቂት ጥቂት መቅመስ ያስኬዳል፤ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰዓቱን ወደ ቁርስ በፊት ይመልስ። ቀጠሮውን ለዒድ በኋላ ያሻገረ ታማሚ እስከዚያ ድረስ ትንሽ ደብተር ቢይዝ ለሐኪሙ ከብዙ ምርመራ ይበልጥለታል፤ ቃጠሎው የተነሳው ስንት ሰዓት ነበር፣ ከዚያ በፊት ምን ተበላ፣ ስንት ሰዓት ተተኛ፣ በዚያ ቀን ምን የሚያሳስብ ነገር ነበር።